ስለ ጎርካ አውራጃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ በሂማላያ ተዳፋት ላይ ያለ የገጠር ኑሮ

ስለ ኔፓል በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚጻፈውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኤቨረስት ተራራና ተራራውን ስለሚወጡት ሰዎች ነው። ከበረዶው በታች ባሉት ኮረብቶች ላይ ግን ሚሊዮኖች እያረሱ፣ ከብት እያረቡና ልጆች እያሳደጉ ይኖራሉ። ከእነዚህ ኮረብታማ አውራጃዎች አንዱ የሆነው ጎርካ ለዚህ ኑሮ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ፣ ስለ መልክዓ ምድሩና ስለ ነዋሪው አንባቢ ደጋግሞ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ተሰጥቷቸዋል። በተለየ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎርካ የት ይገኛል? ምን ያህልስ ይሰፋል?

ጎርካ ኔፓል ከተከፈለችባቸው 77 አውራጃዎች አንዱ ሲሆን፣ ከዋና ከተማዋ ከካትማንዱ በስተ ምዕራብ በጋንዳኪ ክፍለ ሀገር ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ 3,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰሜን ከቲቤት ጋር ይዋሰናል። የሚያስደንቀው ስፋቱ ሳይሆን የከፍታው ልዩነት ነው። በደቡብ በትሪሹሊ ወንዝ ዳር ያለው ሞቃት ሸለቆ ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር በታች ሲሆን፣ በሰሜን ደግሞ በዓለም በከፍታው ስምንተኛ የሆነው የማናስሉ ተራራ እስከ 8,163 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚታየው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የቀጥታ ርቀት ውስጥ ነው።

ወንዞቹ፣ ማለትም ቡዲ ጋንዳኪ፣ ዳራውንዲ፣ ቼፔና ማርስያንግዲ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱ በመሆናቸው ምድሩን በቁመቱ ሰንጥቀውታል። በዚህ ምክንያት ከአንዱ ሰንሰለት ፊት ለፊት ወደሚታየው መንደር ለመሄድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ያንኑ ያህል መውጣት አለበት። ነዋሪው ርቀትን ከኪሎ ሜትር ይልቅ በጉዞ ሰዓት የሚለካውም በዚህ ምክንያት ነው። እርሻውም፣ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሕክምናውም በዚህ ተዳፋት የተወሰኑ መሆናቸውን ካላስተዋልን ስለ ጎርካ የሚነገረው ሌላው ነገር ሁሉ በግማሽ ብቻ ይገባናል።

የአየር ንብረቱ ምን ይመስላል?

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚለውን አከፋፈል በልቡ ይዞ ቢጀምር የጎርካን ምድር በቀላሉ ይረዳዋል፤ ምክንያቱም በዚያም ቢሆን የሚዘራውን እህልና የሚታነጸውን ቤት የሚወስነው ከፍታ ነው። አንድ ልዩነት ግን መዘንጋት የለበትም። ጎርካ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ28ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካለ የኢትዮጵያ ቦታ ይልቅ ክረምቱ በጣም ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ ባሉ የጎርካ ኮረብቶች በታኅሣሥና በጥር በረዶ ሊጥል ይችላል።

ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጥላል፤ ወቅቱ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። እርጥበቱ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሲመጣ ተራሮቹ ያግዱትና በደቡቡ ተዳፋት ላይ ያራግፈዋል። በዓመት ከሚጥለው ዝናብ አምስት እጅ አራቱ ያህል በእነዚህ ወራት ስለሚወርድ፣ ገበሬው በአንድ ወቅት ከናዳና ከጎርፍ ጋር ሲታገል፣ በሌላው ወቅት ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት የመንደሩ ምንጭ እየሳሳ ሲሄድ ያያል። ከተራሮቹ ጀርባ ያሉት የኑብሪና የጹም ሸለቆዎች ግን ዝናቡ እምብዛም ስለማይደርሳቸው ደረቅና ብርዳማ ናቸው።

ሰው ምን እያመረተ ይኖራል?

በመካከለኛው ኮረብታ፣ ማለትም አብዛኛው ሕዝብ በሚኖርበት በ500 እና በ2,000 ሜትር መካከል፣ የእርሻው መሠረት እርከን ነው። ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ የኮረብታውን ጎን በእጅ እየቆፈረ ደረጃ በደረጃ አስተካክሎታል፤ አንዳንዱ እርከን ጥንድ በሬ ለማዞር እንኳ የማይበቃ ጠባብ ነው። የእርሻ መሬቱ በሁለት ይከፈላል። ውኃ የሚጠለፍለትና ጠርዙ ከፍ ተደርጎ ውኃ የሚይዘው የታችኛው እርከን ለሩዝ ሲውል፣ ዝናብ ብቻ የሚጠብቀውና ወደ ውጭ ዘንበል ያለው የላይኛው እርከን ለበቆሎና ለዳጉሳ ይውላል።

የዳጉሳው አዘራር በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። በቆሎው ከዝናቡ ወራት በፊት ይዘራል። በዝናቡ ወራት በቆሎው አድጎ ሳለ፣ በመደብ የፈላው የዳጉሳ ችግኝ በእጅ እየተነቀለ በበቆሎው አገዳዎች መካከል አንድ በአንድ ይተከላል። ሴቶች ዝናቡን የሚመክት ከቀርከሃና ከቅጠል የተሠራ መከለያ በጀርባቸው ደፍተው ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ይተክላሉ። በቆሎው ሲሰበሰብ ዳጉሳው ብርሃን አግኝቶ ይነሣና በኅዳር አካባቢ ይታጨዳል። በዚህ ዘዴ አንዲት ጠባብ እርከን በአንድ ዝናብ ሁለት ሰብል ትሰጣለች። ሥራው ግን እጅግ ብዙ እጅ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በተራ የሚሠራበት እንደ ወንፈል ያለ ልማድ ባይኖር የሚቻል አልነበረም።

ዳጉሳ ከእኛ ጋር እውነተኛ ዝምድና ያለው እህል ነው። መጀመሪያ ለማዳ የሆነው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ምድር፣ በኢትዮጵያና በዩጋንዳ አካባቢ እንደሆነ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይስማሙበታል፤ ከዚያ ተነሥቶ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር ተሻገረ። ዛሬ በጎርካ የዳጉሳ ዱቄት በፈላ ውኃ እየታማሰ ዲዶ የሚባል፣ ከእኛ ገንፎ ብዙም የማይለይ ምግብ ይሠራበታል፤ በእጅ እየተቆረሰም ከቅጠላ ቅጠል ወጥ ወይም ከእርጎ ጋር ይበላል። ከዚሁ እህል የሚጠመቅ ጠላ መሰል መጠጥና የሚወጣ አረቄም አለ፤ በጉሩንግና በማጋር ቤቶች ያለ እነዚህ መጠጦች ድግስ አይሟላም። ለረጅም ጊዜ ሩዝ የባለጸጋ፣ ዲዶ የድሃ ምግብ ተደርጎ ይታይ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ዲዶ በካትማንዱ ምግብ ቤቶች ሳይቀር የሚፈለግ ሆኗል፤ ይህ ለእህሉም ለገበሬውም ተገቢ ክብር ነው።

ከዚህ ሌላ ምስር፣ ድንች፣ የጎመን ዘርና ዝንጅብል ይመረታሉ፤ የጎርካ መንደሪን በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ከፍ ባለው ሰሜን ገብስ፣ ድንችና ባክዊት የሚባለው እህል ይዘራሉ፤ በዚያ የሚረባው ከብትም ጸጉራሙ ያክ ነው።

ከብት ማርባት በእንደዚህ ያለ ተዳፋት እንዴት ይቻላል?

በታችኛውና በመካከለኛው ክፍል ከብቱ ብዙ ጊዜ ከቤቱ አጠገብ ታስሮ ይቀለባል። የቤት ጎሽ ለወተትና ለፍግ፣ ፍየል ለሥጋና ለገንዘብ፣ በሬ ለእርሻ ይጠበቃሉ። መኖው ከጫካና ከእርከኑ ዳር ከተተከሉ ዛፎች በማጭድ ተቆርጦ ይመጣል። ይህንን የሚያመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ዶኮ የሚባለውን የቀርከሃ ቅርጫት በጀርባቸው አድርገው፣ ማንገቻውን በግንባራቸው ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ቀና ሳያደርጉ ዳገቱን ይወጣሉ። እንስራና ጭድ፣ ሲሚንቶና የታመመ ሰው ሳይቀር በዚሁ መንገድ ይጓጓዛል። ፍጉ በዚያው ቅርጫት ተመልሶ ወደ እርሻው ይወርዳል፤ ለዚህም ነው ጫካው፣ ከብቱና እርሻው ተነጣጥለው ሊታዩ የማይችሉት።

በአውራጃው የሚኖረው ማን ነው?

ጎርካ ብዙ ብሔረሰቦች ተቀላቅለው የሚኖሩበት ነው። ጉሩንግ፣ ማጋር፣ ባሁን፣ ቼትሪ፣ ኔዋር፣ ታማንግ፣ ጋሌ፣ ኩማል፣ ባራምና ቼፓንግ ሁሉም ይገኙበታል፤ በሂንዱ የዘር ተዋረድ ለዘመናት በግፍ ወደ ታች የተገፉት የዳሊት ማኅበረሰቦችም፣ በተለይ አንጥረኞችና ልብስ ሰፊዎች፣ በየመንደሩ አሉ። የኔፓል ሕግ በዘር ተዋረድ ሰውን ማግለልን ይከለክላል፤ በምንጭ ውኃና በጋብቻ ጉዳይ ግን አሮጌው ልማድ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የእጅ ባለሙያን መናቅና ከጋብቻ ማራቅ በእኛም አገር የነበረና በየቦታው ያለ በደል ስለሆነ፣ ይህንን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ጉዳዩ እንግዳ አይሆንበትም።

በሰሜኑ የጹምና የኑብሪ ነዋሪዎች ቋንቋቸው የቲቤት ቋንቋ ዘመድ፣ ሃይማኖታቸው ቡድሂዝም ነው። ጹም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነዋሪዎቹ በሸለቆው ውስጥ እንስሳ እንዳይታረድና እንዳይታደን ቃል የገቡበት ምድር ነው፤ ቃሉ ዛሬም ይከበራል። በእነዚህ ሸለቆዎች ወንድማማቾች አንዲት ሚስት በጋራ የሚያገቡበት ልማድም ነበር፤ ምክንያቱ ጠባቡ እርሻ በውርስ እየተከፋፈለ እንዳያልቅ ነው፤ አሁን ልማዱ እየቀረ ነው።

የኔፓል ነገሥታት ከዚህ ወጡ የሚባለው እውነት ነው?

አዎን። ድራብያ ሻህ በ1559 ጎርካን ከያዘ በኋላ ዘሮቹ ይህችን ትንሽ የተራራ መንግሥት ገዙ። ከእነርሱ ራም ሻህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሚዛንና መስፈሪያን፣ እንዲሁም የብድር ወለድን በሕግ በመወሰኑ፣ «ፍትሕ ያጣ ወደ ጎርካ ይሂድ» የሚል አባባል ከእርሱ ዘመን ቀርቶ እስከ ዛሬ ይነገራል። በ1723 የተወለደው ፕሪትቪ ናራያን ሻህ ደግሞ በ1768 ካትማንዱን ይዞ የዛሬዋን ኔፓል መሠረተ። ንጉሣዊው ሥርዓት በግንቦት 2008 ቢሻርም፣ የጥንቱ ቤተ መንግሥት ከጎርካ ከተማ በላይ በገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ በውስጡ ያለው የካሊካ ቤተ መቅደስም በዳሳይን፣ ማለትም በኔፓል ትልቁ የሂንዱ በዓል፣ በምእመናን ይሞላል።

የታወቁት የጎርካ ወታደሮች ሁሉ የዚህ አውራጃ ልጆች ናቸው?

አይደሉም። እንግሊዞች ከ1814 እስከ 1816 ከጎርካ መንግሥት ጋር ሲዋጉ የተራራ ተዋጊዎቹን ጽናት አይተው መመልመል ጀመሩ፤ ስሙም ከመንግሥቱ ስም ተወሰደ። ምልምሎቹ ግን ከመላው ኮረብታማ ኔፓል፣ በተለይ ከጉሩንግ፣ ከማጋር፣ ከራይና ከሊምቡ ወገን የመጡ ናቸው። ሕንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ከአሥሩ የጎርካ ሬጅመንቶች ስድስቱ ለሕንድ፣ አራቱ ለብሪታንያ ደረሱ። ለብዙ የጎርካ መንደሮች የወታደር ጡረታ ለመቶ ዓመታት ዋናው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነበር። ሕንድ በ2022 የአጭር ጊዜ የውትድርና አገልግሎት ደንብ ካወጣች ወዲህ ግን የኔፓል መንግሥት በዚያ በኩል የሚደረገውን ምልመላ አግዷል።

በ2015 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአውራጃው ላይ ምን አደረሰ?

ሚያዝያ 25 ቀን 2015፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ መጠኑ 7.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ባርፓክ ከሚባለው የጎርካ መንደር አካባቢ ተነሣ። ቀኑ በኔፓል አቆጣጠር ባይሳክ 12 ቀን 2072፣ በእኛ ደግሞ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ነው። በመላ አገሪቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ በጎርካ ብቻ የሞቱት ከአራት መቶ በላይ ናቸው። የመንቀጥቀጡ መነሻ ጎርካ ሆኖ ሳለ የበለጠው ሰው ያለቀው በምሥራቅ ባለው በሲንዱፓልቾክ አውራጃ መሆኑ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ የምድሩ ስብራት ከባርፓክ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እየተቀደደ በመሄዱ ጉልበቱን በዚያ አቅጣጫ ማውጣቱ ነው።

ባርፓክ የጋሌና የጉሩንግ ጥንታዊ መንደር ነበረች። ቤቶቿ እርስ በርስ ተጠጋግተው በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ጣሪያቸውም በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ነበር። ይህ አሠራር ብርድን ይከላከላል፤ ከአካባቢው በሚገኝ ነገር ስለሚሠራም ርካሽ ነው። ነገር ግን በጭቃ ብቻ የተያያዘ ከባድ ግድግዳ ወደ ጎን ሲናወጥ ይበታተናል፤ ከባዱ ጣሪያም ይከተለዋል። በመንደሩ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ቤቶች ፈረሱ። ቅዳሜ በኔፓል የዕረፍት ቀን በመሆኑ ትምህርት ቤቶች ባዶ ነበሩ፤ ብዙ ሰውም በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነበር። ይህ ባይሆን ኖሮ ሐዘኑ በብዙ እጥፍ ይከፋ እንደነበር መገመት አያዳግትም። መንገዶች በናዳ ስለተዘጉ ለሳምንታት እርዳታ የሚደርሰው በሄሊኮፕተር፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር።

መንግሥት ቤት ለፈረሰበት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በሦስት ዙር የሚከፈል 300,000 የኔፓል ሩፒ ድጎማ መደበ፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያለው ገንዘብም የሚለቀቀው መሠረቱና ግድግዳው መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተደርጎ መሠራቱ በባለሙያ ሲረጋገጥ ነበር። አሠራሩ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ድጎማው ለተራራ መንደር የሲሚንቶና የብረት ማጓጓዣ ዋጋ ስለማይበቃ ብዙዎች ተበደሩ፤ ብዙዎችም ከቀድሞው ቤታቸው ያነሰ፣ እህልና ከብት የማይችል ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ። ዛሬ ባርፓክን የሚያይ ሰው ከድንጋይ ጣሪያዎቹ ይልቅ የሚበዛው ኮንክሪትና ቆርቆሮ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚያ ምድር የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ከእኛ ስምጥ ሸለቆ ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም፤ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የታየው መንቀጥቀጥ የመጣው ምድሪቱ ወደ ሁለት እየተለያየች በምትሄድበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በሂማላያ ግን የሕንድ የመሬት ንጣፍ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እየተገፋ ከተራሮቹ ሥር ይገባል። ግፊቱ ለአሥርተ ዓመታት ተጠራቅሞ ሲለቀቅ እንደ 1934ቱና እንደ 2015ቱ ያለ ታላቅ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ተራሮቹን ያቆመው ኃይልና ቤቶቹን ያፈረሰው ኃይል አንድ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር ለምን ይቀንሳል?

በ2011 በተደረገው ቆጠራ የአውራጃው ሕዝብ 271,061 ነበር፤ በ2021 ወደ 251 ሺህ ወርዷል። በእነዚሁ ዓመታት የኔፓል ጠቅላላ ሕዝብ ከ26 ሚሊዮን ተኩል ወደ 29 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ስለዚህ መቀነሱ የልደት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍልሰት ጉዳይ ነው። ወጣቱ ወደ ካትማንዱ፣ ወደ ቺትዋን ሜዳና ከሁሉ በላይ ወደ ኳታር፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ወደ ማሌዥያ ይሄዳል። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ከኔፓል ዓመታዊ የአገር ውስጥ ምርት አራተኛውን ያህላል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ከኔፓላውያን ጋር በአንድ ሕንፃ ግንባታ፣ በአንድ ሆቴል ወይም በአንድ ሰፈር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የሠራተኛውን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት የሚያስከትለውን መከራ ያውቁታል። ኢትዮጵያ ከ2013 እስከ 2018 ዜጎቿ ለሥራ ወደዚያ እንዳይሄዱ አግዳ ነበር፤ ኔፓልም በ2017 ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዳይሄዱ ከልክላለች። በሁለቱም አገሮች የታየው ውጤት አንድ ነው፤ የተቸገረው ሰው መሄዱን አልተወም፤ ይልቁንም ጥበቃ በሌለበት በደላላ መንገድ ሄደ። እገዳን እንደ ጥበቃ መቁጠር ስሕተት መሆኑን የሁለቱም አገር ቤተሰቦች በዋጋ ተምረውታል።

በመንደሩ የቀሩት አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሁሉንም እርከን ማረስ ስለማይችሉ ሩቅና ጠባብ የሆነው መሬት ጦም ያድራል፤ ያልተጠገነው የእርከን ግንብ በክረምት ይደረመሳል፤ ጫካው ሲጠጋ ጦጣና የዱር አሳማ ሰብሉን ያጠፋሉ። የቀረው ገበሬ በዚህ ተማርሮ እርሱም ይሄዳል።

ጫካው በምን ሁኔታ ላይ ነው?

በዚህ በኩል ኔፓል ልትመሰገን ይገባታል። የ1993ቱ የደን ሕግ ጫካን ለአካባቢው ተጠቃሚዎች ማኅበር አስረክቦ እንዲጠብቁትና በደንብ እንዲጠቀሙበት ፈቀደላቸው፤ በመላ አገሪቱ ከ22,000 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። የጎርካ መንደሮችም መቼ መኖ እንደሚቆረጥ፣ ደረቅ እንጨት ማን እንደሚለቅም በስብሰባ ይወስናሉ። ከአርባ ዓመት በፊት የተራቆቱ ብዙ ኮረብቶች ዛሬ ለብሰዋል። በሰሜን ደግሞ በ1998 የተቋቋመው የማናስሉ ጥብቅ ክልል 1,663 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የበረዶ ነብርም በዚያ ይኖራል።

መንገድና መጓጓዣ እንዴት ነው?

ከካትማንዱ እስከ ጎርካ ከተማ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱ ወደ ፖካራ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ አቡ ኻይሬኒ ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል። በ1998 የተከፈተው የማናካማና የኬብል መኪና ከትሪሹሊ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ምእመናንን አሥር ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ጉዞ ወደ ታዋቂው ቤተ መቅደስ ያደርሳል፤ ቀድሞ ግን የብዙ ሰዓት ዳገት ነበር። በየመንደሩ ግን ያለ በቂ ጥናት በዶዘር የተቀደዱ የጥርጊያ መንገዶች በዝተዋል። መንገድ መፈለጉ ትክክል ነው፤ ወላድን በቃሬዛ ተሸክሞ የወረደ ሰው ይህንን ያውቃል። ሆኖም ውኃ ማፍሰሻ ሳይሠራለት ገደል ላይ የተቆረጠ መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ናዳ ይጠራል፤ ከሥሩ ያለውን እርሻም ይዞ ይወርዳል።

አካባቢውን ለመጎብኘት ምን ያስፈልጋል?

የጎርካን ከተማ፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ማናካማናንና ባርፓክን ለማየት የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም። ማናስሉን መዞርና ወደ ጹም መግባት ግን በተከለለ ክልል ውስጥ ስለሚያልፍ በሕጋዊ የጉዞ ድርጅት በኩል የሚወጣ ፈቃድና ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይጠይቃል። ማናስሉን ሲዞሩ የሚታለፈው የላርክያ መተላለፊያ ከ5,100 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የደጋ ሰው ቢሆኑም እንኳ ሰውነትን ቀስ በቀስ ማለማመድ ግዴታ ነው። ምርጡ ወቅት ጥቅምትና ኅዳር፣ ቀጥሎም መጋቢትና ሚያዝያ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ካትማንዱ ሲደርስ በአየር ማረፊያው ቪዛ ከሚሰጣቸው መካከል ስላልሆነ፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት በኔፓል ኤምባሲ በኩል ቪዛውን አስቀድሞ ማውጣት ይኖርበታል።